ከዶዮገና የመጣው ሹራብ

በቀደም ሆሳዕና መናኸሪያው ጋ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ስሄድ አንድ ወጣት አጠገቤ ገብቶ ተቀመጠ። ሰማያዊ የጀርባ መርጫ በጉልበቶቹ መሃል ይዟል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የለበሰው ሹራብ በስብሷል። የረጠበ ሱፍ ሽታ ታውቂዋለሽ፣ በግ በግ ይላል። ከሱ ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበረ፤ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

«አንተ ልጅ፣ መድኃኒት ስትረጭ ነው የዋልከው?» አልኩት።

«አዎ እትዬ።»

«ይሄንኑ ሹራብ ለብሰህ?»

«ታዲያ ብርድ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

«ቤትህ ስትደርስ ሰው ሳይነካህ ደጅ ላይ አውልቀው። ገላህንም በሳሙና ታጠብ። ልጅ አለህ? ልጅ እንዳታቅፍ!»

እንደ እብድ አየኝ። ሾፌሩም በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየኝና ፈገግ አለ። እኔ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፌን የምይዝ ሴት አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ። ያን ቀን ግን ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩና ጭቃውን እያቦካሁ በእግሬ ገባሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለሰው አውርቼው አላውቅም።

ያደግኩት እዚሁ ሆሳዕና ዙሪያ፣ ሌሞ ገጠር ውስጥ ነው፣ ወደ ከተማ በፈረስ ጋሪ ከሚገባበት ሰፈር። ቤታችን ከእንሰቱ ፊት ለፊት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በኮባው ቅጠል አልፋ ስትገባ ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴ ይመስል ነበር። በጓሮ በኩል የተቀበረው ቆጮ ይሸታል፤ እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ እኛ ደግሞ ይርበን ነበር። ከቤቱ በታች የአባቴ ማሳ ነበር፣ በዚያን ዓመት ጥቅል ጎመን የሞላበት።

ታላቅ ወንድማችንን ወንድም ጋሼ ነበር የምንለው። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከበር ቀድሞ የሚገባ ሰው። የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ገና አፉን በደንብ ያልፈታ ትንሽ ወንድማችን ነበር፤ እናታችን «አበቃሁ» ካለች በኋላ ድንገት የመጣ። ታዲያ ይሄ ትንሽ ልጅ እናቱ ማን እንደሆነች ያላወቀ ይመስል ነበር። ቀኑን ሙሉ የወንድም ጋሼን እግር ይጠብቃል። ወንድም ጋሼ ከማሳ ሲመለስ ገና ከአጥሩ ሲገባ ጎንበስ ይልለታል፣ እሱም ሮጦ ጀርባው ላይ ይወጣል፣ ወንድም ጋሼም እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አዝሎት ጓሮውን ሁሉ ያዞረዋል። ብዙ ጊዜ እዚያው ይተኛል። እናቴ «አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» ትለው ነበር። «ወልጄ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያምርም!» ይላት ነበር፣ ሆን ብሎ ሊያስቃት።

ወንድም ጋሼ እጮኛ ነበረችው፣ የዶዮገና ልጅ። የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ነው፤ እሷ ከመዘምራኑ ጋር መጥታ፣ እሱ ወንበር ሲያመላልስ። የዶዮገናን ብርድ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ እዚያ ሹራብ መሥራት የማትችል ሴት የለችም ማለት ይቻላል። እሷም በዚያ ክረምት ሹራብ ሠርታ ላከችለት። ወፍራም ሱፍ፣ ጥቁር ቡናማ፣ አንገቱ ላይ እጥፍ ያለ። አባቴ ጨርቁን በጣቱ ለክቶ «ይሄማ ጥይትም አይበሳው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ወንድም ጋሼ ከዚያ ወዲያ አላወለቀውም። ሲሄድም ሲሠራም እሱኑ ነው። ትንሹም ወደደው፤ ሲታዘል የአንገቱን እጥፋት አፉ ውስጥ ከትቶ እየመጠጠ ነበር የሚተኛው። ስንቀሰቅሰው ክር ከምላሱ ላይ እንለቅምለት ነበር።

ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ነበር የተቆረጠው። አገራችን መስቀል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወንዶቹ ስለ በሬው፣ እናቶቹ ስለ ቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያስባሉ። እናቴም በውጆ ማኅበሯ ቅቤ እያጠራቀመች ነበር፤ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፣ ተራዋ ሲደርስ አንድ ላይ ይሆንላታል። በዚያን ዓመት ተራው የእሷ ነበር። መስቀልም ሠርግም በአንድ ቅቤ ይወጣል ብላ ደስታዋ ሌላ ነበር። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ በጓዳ ተቀምጦ፣ እኛ ልጆች ሽታውን ብቻ እየሳብን እናልፍ ነበር።

ከዚያ ጎመኑ ላይ ትል ገባ። የእኛ ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩ ሁሉ። አባቴ ገበያ ወጥቶ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። መድኃኒት ነው የምንለው፣ ዛሬም እንደዚያው ነው የምንለው። በብርቱካን መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር የተቀዳለት፤ ወረቀት የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ ስም የለው። ሻጩ «በአንድ መርጫ ውኃ አንድ ክዳን» ብሎታል። «ትሉ ካስቸገረ ጨምር» ብሎታል ደግሞ። ትሉ ደግሞ አስቸገረ።

መርጫ ያለው ወንድም ጋሼ ብቻ ስለነበረ የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ። ዛሬ የእኛን፣ ነገ የጎረቤትን፣ ከነገ ወዲያ ሚስቱ የሞተችበትን የሽማግሌውን። እንቢ ማለት አያውቅም ነበር። የመርጫው ክዳን ጎማ ተበልቶ ያንጠባጥብ ነበርና ላስቲክ አሰረበት። አሁንም አንጠባጠበ። «ግድ የለም፣ ሹራቡ ይመጥጠዋል፣ ገላዬ ጋ አይደርስም» አለ። እግዜር ያሳይሽ! ሁላችንም ልክ ነው ብለን ሰማነው። ወፍራም ልብስ ይከላከላል ብሎ የማያስብ ማን አለ?

ነገሩ ምልክት ነበረው። አውራ ዶሯችን ከጎመኑ ሥር የወደቀ ትል ለቅሞ በላና እንደ ሰከረ ተወላግዶ፣ ክንፉን ዘርግቶ ሞተ። እናቴ «ፈንግል ነው» አለች። የጎረቤታችን ንቦች ከቀፎው በር ላይ ረግፈው ተገኙ። ወንድም ጋሼም ማታ ማታ ራሱን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ «ዓይኔ ላይ ጭጋግ ነገር አለ» ይላል። በማግስቱ ግን ይነሳል። በኋላ በኋላ ራስ ምታቱን ማውራት ሲተው አባቴ «እየለመደው ነው፣ ሰውነት ይለምዳል» አለ። እኔም ወንድሜ ምን የመሰለ ጀግና ነው እያልኩ ትምህርት ቤት አወራሁለት።

ያን ቀን የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ዘንቦ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይዋ እንደ ምጣድ ጋለች፤ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳ ነበር። ወንድም ጋሼ ትሉ አልሞት ስላለው ክዳኑን ትቶ በስኒ እየለካ ነው የሞላው። እኔ ጓሮ ሆኜ የመርጫውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ፍሽ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ፍሽ ይላል። ከዚያ ዝምታው ረዘመ።

ሲመጣ አካሄዱ ልክ አልነበረም። ላቡ ከግንባሩ በአገጩ ይወርዳል። የሹራቡ ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ ጠቁሮ ረጥቦ ነበር። ትንሹ እንደ ልማዱ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ሮጠ፤ ከሙቀቱ የተነሳ እናቴ ራቁቱን ነበር የለቀቀችው። ወንድም ጋሼም እንዲያ ሆኖ እንኳ ጎንበስ አለለት። ይሄን ነው የማልረሳው። ማየት እንኳ አቅቶት እየተደናበረ፣ ጎንበስ አለለት። ልጁ ወጣ፣ ደረቱን ለጠፈበት፣ የአንገቱን እጥፋት አፉ ውስጥ ከተተ።

ደጁ ላይ ሲደርሱ ወንድም ጋሼ በጉልበቱ ወደቀ። አስመለሰው። እናቴ እየጮኸች ወጣች።

«ምች ነው! ምች መታብኝ ልጄን!»

እስቲ አንቺስ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? በላብ የራሰ ሰው፣ ከፀሐይ የገባ፣ ራሱን የያዘ፣ የሚያስመልሰው፣ የሚንቀጠቀጥ። ለምች የሚደረገውን ደግሞ እናቴ አሳምራ ታውቃለች። ዳማከሴ አሸታ ፊቱ ላይ ጨመቀች። ብርድ እንዳይመታው ብላ ሹራቡን ሳታወልቅ ጋቢ ደረበችበት፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ። «ያልበው፣ ያልበው፣ በላብ ይወጣል» ትል ነበር። ትንሹ አልለይ ብሎ ሲያለቅስ እዚያው ጋቢ ውስጥ ከወንድሙ ጋር አስገባችው። እሱም ዝም አለ። በመተኛቱ ተደሰትን።

ቀጥላ ጓዳ ገባችና የውጆውን ቅቤ ፈታችው። ለመስቀሉ፣ ለሠርጉ የተባለውን። የወንድም ጋሼን አናት፣ አንገት፣ ጀርባ ሁሉ ቀባችው፣ እጇን በሹራቡ ውስጥ እያስገባች። የትንሹንም ገላ ቀባችው፣ እሱንም ላብ ብጤ ስላየችበት። ቤቱ በትኩስ ቅቤ ሽታ ተሞላ፤ ከሥሩም ያ ነጭ ሽንኩርት የመሰለው ሽታ ነበረ። ጎረቤት ወተት ይዞ መጣ፣ ለሁለቱም አጠጧቸው። ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው በሃዲይኛ ጸለዩ። እናቴ በእግዚአብሔር ፊት የሰሰተችው ነገር አልነበረም።

ትንሹን ያየሁት እኔ ነኝ። ከአፉ የሚወርደው ለሃጭ ጋቢውን አርሶታል፤ ትንፋሹ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይንኮራኮር ነበር። ዓይኑን ገለጥ አደረግኩት። ብሌኑ የጤፍ ቅንጣት ያህል ነበር።

«እማዬ፣ ዓይኑ!» አልኳት።

«እንቅልፍ ነው፣ ተይው ይረፍ» አለችኝ። ድምፅዋ ግን ፈርቷል።

ያዳነችን፣ ማለቴ የተረፈውን ያዳነችው የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ነበረች፣ ቤት ለቤት ስትዞር የጸሎት ድምፅ ሰምታ ጎራ ያለች ወጣት ልጅ። ደጁ ላይ ገና አፍንጫዋን ያዘች።

«ምን ሲሠራ ዋለ?»

«መድኃኒት ሲረጭ» አለ አባቴ።

ጋቢውን በአንድ እጅ ገፈፈችው። «ሹራቡን አውልቁ! ቶሎ! ውኃና ሳሙና አምጡ! ማነው ሕፃን እዚህ ያስገባው?» ሹራቡ አልወልቅ ብሎ ገላው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ አባቴ በቢላ ቀደደው። በሳሙና አጠቡዋቸው፤ ቅቤው ግን አልለቅ ብሎ ውኃው ገላቸው ላይ እየተንከባለለ ይወርድ ነበር።

ጋሪ ፈለግን። ጋሪው ሁሉ ገበያ ነው። አባቴ ትንሹን ታቅፎ ወደ መንገዱ ሮጠ፣ ጎረቤቶች ወንድም ጋሼን በቃሬዛ ተሸክመው ተከተሉ። አንድ ጋሪ ከከተማ ሲመለስ እስኪያገኙ ድረስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። እኔና እናቴ ከኋላ ነበርን። እናቴ እጇ ቅቤ እንደተቀባ ነበር፣ በነጠላዋ እንኳ አልጠረገችውም።

ሆስፒታል ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቁን «ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?» ብለው ነው። አባቴ ከኮቱ ኪስ የብርቱካኑን ጠርሙስ አወጣ። ጤና መኮንኑ ጠርሙሱን ገልብጦ አየው፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ከሩቅ አሸተተና መልሶ አስቀመጠው። መርፌ ወጉዋቸው። ለወንድም ጋሼ ደጋገሙለት። ትንሹን ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ፣ ከዚያም አንዲት ነርስ ብቻዋን ወጣች። ያን ጊዜ የመስኮቱ መስታወት በጀምበር ቀልቶ ነበር። እናቴ አልጮኸችም። እጇን ብቻ አየች።

አባቴ ጤና መኮንኑን ኮሪደር ላይ ያዘው። «ጌታዬ፣ መርዙን ተሸክሞ የዋለው ትልቁ ነው። እንዴት ትልቁ ተርፎ ትንሹ?»

«አባባ፣ ትንሽ ማሰሮ ቶሎ ይሞላል» አለው። «ለትልቁ ያልበቃው ለሱ ከበቂ በላይ ነው። እሱ ደግሞ በቆዳው ብቻ አይደለም፣ በአፉም ገብቶበታል። ልብሱ ላይ ተኝቶ ቆይቷል። ቶሎ ወልቆ፣ ቶሎ ታጥቦ ቢሆን…» አለና ተወው። ስለ ወንድም ጋሼም ተናገረ፤ ሰውነቱ እየለመደ ሳይሆን በየቀኑ እየተጠራቀመበት እንደነበር።

እናቴ ከአግዳሚው ወንበር ቀና አለች። «ቅቤውስ?» አለችው።

ሰውየው አያት። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ እናት ያለው። ቅባት መርዙን ወደ ገላ እንደሚያስገባው ያውቃል፤ እኔ እንኳ ኋላ ጠይቄ አውቄዋለሁ። «እናቴ፣ ቅቤውን ተይው» አላት። እናቴ ግን ገባት መሰለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም አናት ቅቤ ቀብታ አታውቅም፣ የልጅ ልጆቿንም ጭምር።

ወንድም ጋሼ የትንሹን ሞት የሰማው ከሆስፒታል ሲወጣ ነው። ለቅሶው ላይ እጮኛው ከነቤተሰቧ ከዶዮገና መጣች። ከመምጣቷ በፊት አባቴ ሹራቡን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ከእንሰቱ ማዶ ጥልቅ አድርጎ ቀብሮት ነበር፤ ከዚያም ሁላችንንም ሰብስቦ «ይህቺ ልጅ ነገሩን መስማት የለባትም» አለ። «ሹራቡ ጠፋ ነው የሚባለው። በቃ።» ሰፈሩም ሰማ፣ ሰፈሩም ጠበቀ። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ከአንዲት ሴት መደበቅ ይቻላል ብትይኝ አላምንሽም ነበር፤ ግን ይኸው ተቻለ።

በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ። ወንድም ጋሼ ዛሬም ማሳ አለው፣ ዛሬም ይረጫል፤ አማራጭ ምን አለው? ግን ጓንት አለው፣ የዝናብ ልብስ አለው፣ ከደጅ ውጭ በላስቲክ የከለላት መታጠቢያ አለችው። ሳይታጠብና ሳይለውጥ የአጥሩን በር አያልፍም። ልጆቹም ያውቃሉ፤ እስኪጨርስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ያቅፋቸዋል፣ ይስማቸዋል። አንድም ቀን ግን አዝሏቸው አያውቅም።

ሚስቱ ደግሞ ታበሽቀዋለች። እንግዳ በተሰበሰበ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ እኮ ስንት ሌሊት ዓይኔን አፍስሼ የሠራሁለትን ሹራብ የጣለ ነው!» ትላለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይስቃል፤ «ምን ላድርግ፣ ዝርክርክ ነኝ» ይላል። ዓመት ሙሉ፣ ዓመት ከዓመት፣ እኛም አብረን እንስቃለን።

ባለፈው መስቀል እነሱ ቤት ነበርኩ። ትንሿ ልጃቸው ከኋላው መጥታ «አባዬ፣ እዘለኝ!» ብላ ጀርባው ላይ ልትወጣ ሞከረች። ወንድም ጋሼ እንደ ድንጋይ ደረቀ። እኔ አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት ሚስቱ ቀደመችኝ።

«አባትሽ ጀርባውን ያመዋል፤ ነይ እኔ ልዘልሽ።»

በኋላ ማዕድ ቤት ሁለታችን ብቻ ሆነን ጎመን ስንከትፍ፣ ቀና ሳትል «ሹራቤ አልጠፋም አይደል?» አለችኝ።

ቢላዬ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ለቅሶ የመጣሁ ቀን እናትሽ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳመችኝ። እያለቀሰች። ልጇ የሞተባት እሷ፣ የምታጽናናው እኔን። ለምን የእኔን ጣት ትስማለች ብዬ አሰብኩ። ቤቴ ሳልደርስ ገባኝ።» ጎመኑን ወደ ድስቱ ገፋችው። «ከዚያ ወዲህ የሹራብ ክር ይዤ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ይሄን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ብርድ፣ ለአንድም ልጇ። እኔ አስተዋይ ነኝ ባይዋ አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

«እሱ እንዳወቅሽ ያውቃል?»

«እንዳያውቅ! እኔ እንዳልጎዳ ብሎ ደብቆኝ ነው የሚኖረው። ይሄ ከጠፋበት ምን ይቀረዋል?»

ማዕዱ ቀረበ፣ ተጸለየ፣ ክትፎው ዞረ። ጎረቤት ሞልቶ ነበር፣ ጨዋታው ደርቷል። አንዱ ስለ ዘንድሮ ብርድ አነሳ። እሷም ወንድም ጋሼን በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ለብርድማ እኔ ሹራብ ሠርቼለት ነበር፣ ይሄ ዝርክርክ ባይጥለው!» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድም ጋሼም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እሷም እያየችው ትስቅ ነበር፣ እጇን በጀርባው ላይ አድርጋ።